የዛሬ ስምንት

ልጅ ለማግኘት ሕክምና ሊጀምር ያሰበ ሰው አሶሳ ውስጥ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ገንዘቡ ነው፤ ቀጥሎ ያማል ወይ ይለኛል። ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከመርፌውም ከቀዶ ጥገናውም ይበልጥ የተጎዳሁት በቀን አቆጣጠር ነው። ስለ ወጪው ባልና ሚስት እቤታቸው ይነጋገሩ፤ እኔ የሌላውን ልናገር።

ዘሃራ እባላለሁ። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ ያደግሁት ከአሶሳ ከተማ ብዙም በማይርቅ የሰፈራ መንደር ነው። ክልሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ ቢሮዎቹ ገና ወንበር ሲዋዋሱ፣ መምህር በጣም ይፈለግ ስለነበር በአጭር ሥልጠና ተቀጠርኩ። የማስተምረው አማርኛ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስቃችኋል።

ባለቤቴ ሀሚድ የአካባቢው ተወላጅ፣ በርታ ነው፤ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። ከእናቱ ጋር በርታኛ፣ ከሱዳን ከሚመጡት ነጋዴዎች ጋር ዓረብኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ያወራል። አማርኛው ለንግድ ከበቂ በላይ ነው። ሴትና ወንድ ግን አይለይለትም፤ እናቱንም «መጣ» ይላታል፣ እኔንም «መጣ» ይለኛል። ስንጋባ አርመዋለሁ ብዬ ነበር። ዓመት ሳይሞላን ተውኩት።

ልጅ ሳይመጣ ሲቀር ሁለታችንም አልደነገጥንም፤ የደነገጡት ሌሎች ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሕመሜ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ከእምብርቴ በታች እንደ ምጥ ይይዘኛል፣ አንዳንዴም ያተኩሰኛል። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሌላው ጨጓራ አለኝ። ሦስተኛው ወባ ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ አሶሳ ላይ ወባ ያልተባለ ሕመም ስለሌለ አልተከራከርኩም። ሆድ የምታሽ ሴትዮ ማህፀንሽ ዞሯል ብላ ስታሸኝ ከረመች። አማቴ ደግሞ ሼሁ በሰሌዳ ላይ ቁርአን ጽፈው በውሃ ያጠቡትን በብልቃጥ ታመጣልኛለች። እሱንም ጠጣሁ። ከሁሉም ያልጎዳኝ እሱ ነው።

እንዲህ እየተባለ አሥር ዓመት ሊሞላን ሆነ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ቀለም በማህፀን አስገብተው በራጅ የሚያዩበት ምርመራ አለ፤ ቀለሙ በሁለቱ የማህፀን ቱቦዎች አልፎ መፍሰስ አለበት። የእኔ በሁለቱም በኩል ቆመ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ «የቆየ ኢንፌክሽን ነው። በጊዜው በደንብ ቢታከም ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር» አለ። በጊዜውማ የታይፎይድ መድኃኒት እየዋጥኩ ነበር። አላልኩትም። ተናድጄም፣ የበሽታዬ ስም ስለታወቀ ቀለል ብሎኝም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ የዚያን ቀን አወቅሁ።

ቱቦው ከተዘጋ እንቁላሉን በመርፌ አውጥቶ ከባል ዘር ጋር ውጭ አዳቅሎ መልሶ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ ነው መንገዱ። እንቁላል ለማብዛት የሚሰጠው መርፌ ለእኔ በዛብኝ፤ ሆዴ ውሃ ይዞ ተነፋ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሐኪሙ በዚህ ሁኔታ በዚህ ወር ምንም አናስቀምጥም አለ። ወጥተው የተዳቀሉት እንቁላሎች በየቀኑ እየቀነሱ ሄደው በአምስተኛው ቀን አንድ ሽል ቀረ። እሱን በቅዝቃዜ አቆይተው፣ ሰውነቴ ሲያገግም እንዲያስቀምጡት ተስማማን። ስንወጣ ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረ። «ቀዝቅዞ ቆይቶ ከተቀመጠ ሽል የሚወለዱ ልጆች አንዳንዴ ክብደታቸው በዛ ይላል፤ የእናትየውም የደም ግፊት ሊነሳ ይችላል። ብዙዎቹ ደህና ናቸው። አንቺ ብቻ ካረገዝሽ ክትትል እንዳታቋርጪ።» እኔ የሰማሁት «ካረገዝሽ» የሚለውን ብቻ ነው።

አሶሳ ስንመለስ ሀሚድ ለእናቱ ነገሩን በበርታኛ አስረዳት። ከሁሉም መሀል እኔ የለየሁት «ተላጃ» የምትለዋን ቃል ነው፤ ፍሪጅን በዓረብኛው እንዲያ ነው የሚሉት። አማቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅ ተላጃ ውስጥ ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«አዎ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«መብራት እንዳይጠፋ» አለች። እኛ ቤት መብራት በየሁለት ቀኑ ይጠፋ ስለነበር አባባሏ ተገቢ ነው። የሚቀመጠው በመብራት ሳይሆን በጣም በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ውስጥ መሆኑን ብነግራትም ስጋቷ አልለቀቃትም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አልለቀቀኝም፤ ያለን አንድ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። የቀዘቀዘ ሽል ከመቀመጡ በፊት የማህፀን ግድግዳ በኪኒን እንዲወፍር ይደረጋል። ሲደርስ ፕሮጄስትሮን የሚባል መድኃኒት ይጀመራል፤ ማህፀኑን ተቀበል የሚለው እሱ ነው። የእኛ ሽል የአምስት ቀን ስለነበር ማህፀኑም በመድኃኒቱ ላይ አምስት ቀን መቆየት አለበት። ዕድሜያቸው እኩል መሆን አለበት ማለት ነው። ማህፀኑ ቀድሞ ከሄደ ሽሉ ደህና ቢሆንም የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። ይህን ያህል ጠባብ በር ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አሶሳ ላይ አልትራሳውንድ ተነሳሁና ፈተና ስለነበረኝ ወደ ክፍል ሮጥኩ። ውጤቱን ሀሚድ ተቀብሎ ለአዲስ አበባዋ ነርስ ደወለላት። እቤት ስገባ እንዲህ አለኝ።

«ደርሷል አለ። መድኃኒት ሐሙስ ጀምሪ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እዛ መሆን አለብን።»

የነርሷን ቃል አልጠየቅሁትም። ቀኑን ነገረኝ፤ ምን ብዬ ልጠይቀው? ሐሙስ ጀመርኩ። በማግስቱ ማክሰኞ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ተነሳን፤ ነቀምት አድረን ረቡዕ ቀትር ላይ አዲስ አበባ ለመግባት።

አልኩ እንጂ «በማግስቱ» አይደለም፤ በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። እኔም ቀን እንደምስት አያችሁ።

ጊምቢ ላይ ምሳ በልተን አውቶቡሱ እስኪነሳ ቆመን ሳለን የሀሚድ ስልክ ጮኸ። ነርሷ ነበረች።

«የት ደረሳችሁ?» ስትለው ይሰማኛል። «ዶክተር እየጠበቃችሁ ነው።»

«ነገ እንገባለን» አላት ሀሚድ ረጋ ብሎ። «ነገ ነው ስምንት።»

ነርሷ ብዙ ተናገረች። እሱ ስልኩን በትከሻው ይዞ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ እያለ። ስልኩን ተቀበልኩት።

«ሲስተር፣ ለባለቤቴ ያልሽው ቃል ምን ነበር?»

«የዛሬ ስምንት ከሰዓት በኋላ ትምጣ ነው ያልኩት። ምን እላለሁ ሌላ?»

እኛ አማርኛ በእናታችን ጡት የጠጣነው «የዛሬ ስምንት» ስንል ዛሬን ጨምረን ነው የምንቆጥረው። የማክሰኞ ስምንት ማክሰኞ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም ነግሮን አያውቅም፤ ጠይቀንም አናውቅም። ሀሚድ ግን የተባለውን ቆጠረ። ማክሰኞ ላይ ስምንት ቀን ሲጨመር ረቡዕ ነው።

«ስምንት አለ፣ እኔ ስምንት ቆጠርኩ» አለኝ። «ሰባት ከሆነ ሰባት አይልም ወይ?»

የአማርኛ መምህርቷ እኔም በጣቴ ቆጥሬ ረቡዕ ላይ ደረስኩ።

ሐኪሙ ራሱ ስልኩን ከነርሷ ተቀበለ። ነገ ብትደርሱም አንድ ቀን አልፏል፤ ያላችሁ አንድ ሽል ነው፤ እኔ ባለፈ ቀን አላወጣውም፤ መድኃኒቱን አቁመሽ በሚቀጥለው ወር እንደገና እንጀምር አለ። የፈራሁትን ጠየቅሁት። ጠዋት አውጥታችሁት እንደሆነስ? አልወጣም። ላቦራቶሪ የሚሠራው ሰው ታካሚዋን በዓይኑ ሳያይ ማውጣት አይወድም አለኝ። የአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ ተቀመጥኩ።

ጊምቢ አድረን በማግስቱ ወደ ኋላ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ አላወራሁትም፤ እቤት ገብተንም ዝም አልኩት። የተናደድኩት በእሱ ይሁን፣ በነርሷ ይሁን፣ በአማርኛው ይሁን አልለየሁትም። እሱ ደግሞ ሱቁን እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ ማታ ደጅ ተቀምጦ በጣቶቹ ይቆጥራል። አንዴም ተሳስቼ ነው አላለም። ያናደደኝ ይህ ነበር።

ሰኞ ክፍል ገባሁና ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ አንድ እንግዳ «የዛሬ ስምንት እመጣለሁ» ቢላችሁ በምን ቀን ትጠብቁታላችሁ? የሰፋሪዎቹ ልጆች ሰኞ አሉ። የበርታ ልጆች ማክሰኞ አሉ። ተጨቃጨቁ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተው ቆጠሩ፤ ማክሰኞ ያሉት ልጆች ቆጠራቸው ልክ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ እናንተ ሰባት ቀን ስትፈልጉ ለምን ስምንት ትላላችሁ?» አለችኝ። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩና ለሀሚድ ነገርኩት።

«ስንት ልጅ ማክሰኞ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከግማሽ በላይ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጨርቁን ማጠፍ ትቶ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ተጣልተን አናውቅም።

በሚቀጥለው ዙር ነርሷ የዕለቱን ስም እየጠራች ነው የነገረችን፤ እኛም ቀድመን ሄደን እዚያው ከረምን። ማስቀመጡ ራሱ ያን ያህል የሚነገርለት አይደለም። የላቦራቶሪው ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ ስሜን ጠየቀኝ፣ የባለቤቴን ስም ጠየቀኝ፣ ፊቴን አየ። ቀጭን ቱቦ ገባ፤ አልትራሳውንዱ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ነጭ ነገር ታየ። በቃ። ነርሷ ልብሴን እያቀበለችኝ፣ «ደም የምትሰጪው የዛሬ አሥራ አም...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች። ሀሚድ ከበሩ ላይ፣ «የቀኑን ስም ንገሪን» አላት። ነገረችን። በተባለው ቀን ለምርመራ ደም ሰጠሁ፤ አርግዣለሁ።

እርግዝናው ደህና ሄደ፤ ያስቸገረኝ መጨረሻው ነው። እግሬ አበጠ። ጎረቤቶቼ እርጉዝ እግሯ ያብጣል አሉኝ። ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔ ፊት ብልጭ ብልጭ ይላል። ያገኘሁት ክሊኒክ ደሜን አይቶ ወባ አላገኘም፤ ሆኖም የወባ መድኃኒት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ የአዲስ አበባው ሐኪም የነገረኝ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ግፊቴን ለኩልኝ አልኩ። የለካኝ ነርስ ፊቱ ተለወጠ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛሁ፤ የእርግዝና የደም ግፊት ነው፣ ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን አለ፣ ሕክምናው ማዋለድ ነው ተባልኩ። ራስ ምታት ያላት እርጉዝ ግፊቷ ሳይለካ ከክሊኒክ አትውጣ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ።

በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለድኩ። ከአራት ኪሎ በላይ ነበረች። ዋርድ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየመጣ ያያታል፣ ማሻአላህ ይላል። ሀሚድ ኮራ። እሷ ደግሞ አታለቅስም፤ ጡት ሲሰጧት ትንሽ ይዛ ትተኛለች። ጨዋ ናት፣ ጠግባ ነው ተባለ። ትልቅ ልጅ ታማለች ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። እጇ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አይቼ በርዷት ይሆናል ብዬ ሸፈንኳት።

አንዲት የዋርዱ ነርስ ለሌላ ሰው መርፌ ልትወጋ መጥታ የልጅቷን እጅ አየች። ተረከዟን ወግታ ደሟን ለካች፤ ስኳሯ በጣም ዝቅ ብሏል። ከበድ ያሉ ሕፃናት ላይ ይህ እንደሚያጋጥም፣ ቶሎ ቶሎ ካልጠቡ እንደሚጎዱ እየነገረችን ልጅቷን አንስታ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሄደች። አማቴ በእጇ ተምር ይዛ ተከተለቻት፤ በእነሱ ልማድ አዲስ የተወለደ ልጅ ላንቃ ላይ በጥቂቱ የላመ ተምር ይቀባል፣ ከጠዋት ጀምሮ ትለምናቸው ነበር። ከልክለዋታል።

«አሁን ምን ነው የምትሰጪው?» አለቻት አማቴ።

«ስኳር ነው እናቴ፣ በደም ሥር።»

«ስኳር?» ተምሩን አሳየቻት። «ይሄስ?»

«የእርስዎ አይለካም እናቴ። ትንም ሊላት ይችላል።»

አማቴ ተምሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ስፌቱ ሳያስቆመኝ ግድግዳ እየያዝኩ እሄዳለሁ፣ የጡቴን ወተት አልቤ በሲሪንጅ እሰጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ሞተች የሚሉኝ መስሎኝ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር። የዚያን ጊዜ ያህል ፈርቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ስኳሯ በደም ሥር ሳይሰጣት ተስተካከለ፤ ልጄን ሰጡኝ። ሀሚድ ስሟን ነጃት አላት፤ በዓረብኛ መዳን ማለት ነው።

የሕፃናት ሐኪሙ ግን አልዋሸንም። ስኳሯ ዝቅ ብሎ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ስለማይታወቅ አንጎሏን ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ የምናውቀው ስታድግ ነው አለ። ቀጠሮ ተሰጠን። አንገቷን ስትይዝ፣ ስትቀመጥ፣ ስትድህ ቀጠሮ አለ። ሌላዋ እናት ልጇን ታያለች፤ እኔ እመረምር ነበር። ከኋላዋ አጨበጭባለሁ፣ ዞረች ወይ? ማንኪያ እጥላለሁ፣ ፈለገችው ወይ? አንገቷን ያዘች። ስትቀመጥ ዘገየች፣ እኔም ክብደቴ ቀነሰ። ከዚያ ተቀመጠች። ስትስቅ እንኳን በሁለቱም ጉንጮቿ እኩል መሳቋን ነበር የማየው።

ቆማ ከሄደች በኋላ አንድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ወረፋ ይዘን ገባን። ሀሚድ ሱቅ ስለነበረው ዘግይቶ መጥቶ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረ። ሐኪሙ ነጃትን መሬት ላይ አቆማት። ሄደች፣ የጠረጴዛውን መሳቢያ ጎትታ ከፈተች፣ ማዳመጫውን አውጥታ እንቢ አልሰጥም አለች። እያባበለ ተቀበላት። ዓይኗን አየ፣ እግሯን አየ፣ በስሟ ጠራት፤ ዞራ ተቆጣችው። ካርዱ ላይ ጥቂት ጽፎ ዘጋው።

«ደህና ናት» አለኝ።

«ቀጠሮዋስ?»

«ቀጠሮ የላትም። ስትታመም ታመጫታለሽ፣ እንደማንኛውም ልጅ።»

ወጣሁ። ሀሚድ ተነስቶ ልጅቷን ተቀበለኝ።

«መቼ አለ?»

«አልቀጠረንም።»

«ረስቷል» አለና ወደ በሩ አመራ። «ቆይ እኔ ልጠይቀው።»

እጅጌውን ያዝኩት። «አልረሳም ሀሚድ። ደህና ስለሆነች ነው።»

ቆመ። ልጅቷን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ የምንጠብቀው ወረፋ ሳይኖር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ክፉ ነገር የሰማን መሰላቸው። አንዲት እናት ልጇን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። «አላህ ያውቃል፣ ይሽራታል።»

አስረድቼ ልነግራት አሰብኩ፣ አቃተኝ። አሚን አልኳት። ሀሚድም አሚን አለ።